ለላብ ፈተና ትራብልሹቲንግን እንዴት መለማመድ ይሻላል?

ጠባሴ_ኔትወርክ (ደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ በአንድ ፋብሪካ የኔትወርክ ጥገና ክፍል ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ። የ350-401 ኢንኮር ፈተናን ስላለፍኩ አሁን የምዘጋጀው ለሲሲአይኢ ኢንተርፕራይዝ ኢንፍራስትራክቸር (ለሲስኮ ከፍተኛ የኔትወርክ ሰርተፊኬት) የላብ፣ ማለትም በተግባር የሚሠራ፣ ፈተና ነው። ጥያቄዬ የሚያተኩረው በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ ነው፤ እርሱም ትራብልሹቲንግ፣ ማለትም በተበላሸ ኔትወርክ ውስጥ ስህተቱን ፈልጎ ማስተካከል ነው።

ኔትወርክን ከባዶ መገንባት ብዙም አያስቸግረኝም። መስፈርቱ በግልጽ ከተጻፈልኝ ኦኤስፒኤፉንም ቢጂፒውንም (ራውተሮች መንገድ የሚነጋገሩባቸውን ፕሮቶኮሎች)፣ የኤምፒኤልኤስ ቪፒኤኑንም (ፓኬትን በሌብል የሚያሻግረውን የደንበኞች የግል ኔትወርክ) በተመደበው ሰዓት እጨርሳለሁ። ሌላ ሰው የሠራውና ሆን ተብሎ የተበላሸ ኔትወርክ ሲቀርብልኝ ግን ነገሩ ይለያል። በ4 ራውተር ላይ የእያንዳንዱን ኮንፊገሬሽን ከላይ እስከ ታች አንብቦ ስህተቱን ማግኘት ይቻላል፤ መሣሪያዎቹ ከ20 ሲበልጡ ግን ይህ መንገድ ሰዓቱን ሁሉ ይበላዋል። ደግሞም በንባብ ብቻ የማይታይ ስህተት አለ፤ ሁለቱ ራውተሮች ለየብቻቸው ሲታዩ ትክክል ሆነው ሲገናኙ ግን የማይግባቡበት ማለቴ ነው።

ስለዚህ ልምድ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች በሦስት ነገር እንድትረዱኝ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ቲኬቱ (የብልሽቱ ማመልከቻ) ከተነበበ ጀምሮ ምክንያቱ እስኪገኝ ድረስ በምን ቅደም ተከተል መሄድ ይሻላል? ሁለተኛ፣ ብቻውን የሚያጠና ሰው ኔትወርኩን ራሱ አበላሽቶ ራሱ ቢፈልግ መልሱን አስቀድሞ ስለሚያውቀው፣ ልምምዱን እውነተኛ የሚያደርገው በምን ዘዴ ነው? ሦስተኛ፣ ያለኝ 16 ጊጋባይት ራም ያለው ዴስክቶፕ ሲሆን መብራትም ማታ ማታ ይቆራረጣል፤ በዚህ ሁኔታ ላቡን እንዴት ላደራጅ? የፈተናው ክፍያ 1600 ዶላር ነው፤ ጉዞው ደግሞ ሌላ ወጪ ነው። ሳይዘጋጁ ሄዶ ዕድልን መሞከር ለደመወዝተኛ ሰው የሚታሰብ አይደለም።


አንኮበሬ

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። እኔ በመጀመሪያው ጥያቄዎ ላይ እቆያለሁ፤ ስለ ልምምዱና ስለ ኮምፒዩተሩ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ እዚህ አሉ።

ከሁሉ በፊት ፈተናው ትራብልሹቲንግን የቱ ጋ እንደሚጠይቅ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው አሁንም በድሮው አሠራር ይዘጋጃልና። በቀድሞው የራውቲንግ ኤንድ ስዊቺንግ ላብ ትራብልሹቲንግ ለብቻው የተከለለ የ2 ሰዓት ክፍል ነበረው። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2020 ወዲህ ባለው ፈተና ግን 8ቱ ሰዓት የተከፈለው ለሁለት ነው፤ 3 ሰዓት ለዲዛይን፣ 5 ሰዓት ደግሞ ለመገንባት፣ ለማስኬድና ለማሻሻል። በዲዛይኑ ክፍል መሣሪያ አይነካም፤ ኢሜይልና ዲያግራም እያነበቡ መወሰን ነው፤ አንዴ ካለፉት ጥያቄም ወደ ኋላ አይመለሱም። ትራብልሹቲንጉ የሚገኘው በ5ቱ ሰዓት ውስጥ ከግንባታው ጋር ተቀላቅሎ ነው። ስለዚህ «አሁን ስህተት ፈልግ» የሚል ርዕስ ሳይጠብቁ፣ እርስዎ የሠሩት አልሠራ ሲል ምክንያቱ አስቀድሞ በነበረው ኮንፊገሬሽን ውስጥ ሊሆን እንደሚችል እያሰቡ መግባት አለብዎት።

ወደ ቅደም ተከተሉ ልምጣ። አንድ ቲኬት እንዲህ ይላል እንበል፦ በ10.20.30.0/24 ውስጥ ያለ ተጠቃሚ 10.50.1.10 ላይ ያለውን ሰርቨር ማግኘት አልቻለም፤ ስታቲክ ራውት (በእጅ የሚጻፍ መንገድ) መጨመርም ሆነ ነባር አክሰስ-ሊስት (የትራፊክ ማጣሪያ) ማጥፋት አይፈቀድም። እዚህ ውስጥ መነሻው፣ መድረሻውና ክልከላው ተለይተው መውጣት አለባቸው። ክልከላውን የሚዘነጋ ሰው ፒንጉ (መገናኘትን የሚፈትሸው ትእዛዝ) ሠርቶለት እንኳ ነጥቡን ያጣል። ይህን በወረቀት ከጻፉ በኋላ መጀመሪያ የሚደረገው ስህተቱን በራስ ዓይን ማየት ነው፤ ከመነሻው ራውተር ላይ ሶርሱን (የመነሻ አድራሻውን) 10.20.30.1 አድርጎ ፒንግ መላክ፣ ቀጥሎም በዚያው ሶርስ ትሬስራውት (ፓኬቱ የሚያልፍባቸውን ራውተሮች የሚያሳይ ትእዛዝ) ማድረግ። ሶርስ ሳይሰጡት የሚላክ ፒንግ በመውጫው ኢንተርፌስ አድራሻ ስለሚሄድ፣ ተጠቃሚው ያጋጠመውን ሳይሆን ሌላ ነገር ይፈትናል።

በመንዝ በግ የጠፋበት እረኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው በጉ መጨረሻ የታየው የት እንደሆነ ነው፤ ጋራውን ሁሉ አይዞርም። ፓኬቱንም መፈለግ ያለብን መጨረሻ ከታየበት ራውተር ነው። እዚያ ሲደርሱ የሚጠየቀው ይህ ነው፦ ወደ መድረሻው የሚወስድ ራውት በራውቲንግ ቴብሉ ላይ አለ? ካለ፣ ቀጣዩ ሆፕ (ፓኬቱን የሚቀበለው ቀጣይ ራውተር) በኤአርፒ (የአይፒ አድራሻን ከማክ አድራሻ ጋር በሚያገናኘው ፕሮቶኮል) ይገኛል? ሁለቱም ካሉ፣ አክሰስ-ሊስት፣ ፖሊሲ-ቤዝድ ራውቲንግ (በተጻፈ ሕግ መንገድ መምረጥ) ወይም የተሳሳተ ቪአርኤፍ (በአንድ ራውተር ውስጥ ተለይቶ የተያዘ የራውቲንግ ቴብል) ፓኬቱን ይዞታል? ራውቱ ከሌለ ደግሞ ወደ ፕሮቶኮሉ መውረድ ነው፤ ጎረቤቱ አለ ወይ፣ ጎረቤቱ ካለ መረጃው ደርሷል ወይ፣ ደርሶ ከሆነ በፊልተር ቀርቷል ወይስ አነስተኛ አድሚኒስትሬቲቭ ዲስታንስ (የራውት ምንጭ የታማኝነት ቁጥር፣ ትንሹ የሚመረጥበት) ባለው በሌላ ራውት ተበልጧል? የኦኤስፒኤፍ 110፣ የውስጥ ኢአይጂአርፒ 90፣ የውጭ ቢጂፒ 20፣ የውስጥ ቢጂፒ 200 መሆኑን ሳያስቡ የሚያስታውስ ሰው ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ በአንድ እይታ ይመልሰዋል።

ይህ ሁሉ በመሄጃው በኩል ነው። የመልሱን መንገድ ደግሞ ራሱን እንደቻለ ጉዞ ቆጥረው ከመድረሻው ወደ መነሻው መፈተሽ አለብዎት፤ ፓኬቱ በሰላም ደርሶ መልሱ ብቻ የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነውና።

አሁን በንባብ አይታይም ስላሉት ስህተት አንድ ምሳሌ ልስጥ፤ ለዚህ ፈተና የሚዘጋጅ ሁሉ በእጁ ቢሠራው እመክራለሁ። በኤምፒኤልኤስ ቪፒኤን ውስጥ ሁለት የደንበኛ ቅርንጫፎች አይገናኙም። በሁለቱ ፒኢ ራውተሮች (ከደንበኛው ጋር በሚገናኙት የጠርዝ ራውተሮች) መካከል ያለው የቪፒኤንቪ4 (የደንበኛ ራውት የሚያጓጉዝ) ቢጂፒ ሴሽን ኢስታብሊሽድ (የተመሠረተ) ነው፤ የደንበኛው ራውት በቪአርኤፉ ውስጥ ይታያል፤ ከአንዱ ፒኢ ሉፕባክ (በራውተሩ ውስጥ ያለ ምናባዊ ኢንተርፌስ) ወደ ሌላው ሉፕባክ ፒንግ ይሄዳል። ሁሉም ነገር ጤነኛ ይመስላል፤ የደንበኛው ትራፊክ ግን አያልፍም። በመካከል ባለው ፒ ራውተር ላይ ሾው ኤምፒኤልኤስ ፎርዋርዲንግ-ቴብል ሲባል ወደ ሁለተኛው ፒኢ በሚወስደው መስመር ላይ «ፖፕ ሌብል» (ሌብሉን አንሥተህ አሳልፍ) መባል ሲገባው «ኖ ሌብል» ይላል። ምክንያቱ የዚያ ፒኢ ሉፕባክ ማስክ /24 ሆኖ መሰጠቱ ነው። ኦኤስፒኤፍ ሉፕባክን በተፈጥሮው /32 አድርጎ ያስተዋውቃል፤ ኤልዲፒ (ሌብል የሚያከፋፍለው ፕሮቶኮል) ደግሞ ሌብል የሚሰጠው ራውተሩ በራሱ ቴብል ላይ ላየው /24 ነው። ጎረቤቱ በእጁ ላለው /32 የሚመጥን ሌብል ስላልደረሰው የሌብሉ መንገድ እዚያ ይቋረጣል፤ ተራው የአይፒ ፒንግ ግን ሌብል ስለማያስፈልገው ያልፋል። መፍትሔው ማስኩን /32 ማድረግ ነው፤ ማስኩን መቀየር ከተከለከለ ደግሞ ሉፕባኩን በኦኤስፒኤፍ ፖይንት-ቱ-ፖይንት ማድረግ ይበቃል። ኮንፊገሬሽኑን ብቻ ለሚያነብ ሰው /24 የሚለው ማስክ ምንም ነውር የለበትም። የፓኬቱን መንገድ በሌብሉ በኩል የሚከተል ሰው ግን በሁለት ትእዛዝ ይደርስበታል።

አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ፤ ምክንያቱን በትእዛዝ ውጤት ሳያረጋግጡ ምንም ነገር አይቀይሩ። «ይህ ነው» ብለው የጠረጠሩትን በአንድ መስመር ይጻፉ፣ ጥርጣሬው እውነት ከሆነ የትኛው ትእዛዝ ምን ማሳየት እንዳለበት ይጻፉ፣ ከዚያ ያንን ትእዛዝ ያስኪዱ። ቀይረው ለውጥ ካልመጣ የቀየሩትን ወዲያው ይመልሱ፤ አለበለዚያ ከቀድሞው ስህተት በላይ የራስዎ ሁለተኛ ስህተት ይጨመርበታል።


ሸዋሮቢት_ላብ

ሰላም ለሁላችሁ። አንኮበሬ በጻፉት ላይ የምጨምረው ስለ ልምምዱ ነው።

ብቻውን የሚያጠና ሰው ችግር እርስዎ እንዳሉት መልሱን አስቀድሞ ማወቁ ነው። ይህን በከፊል የሚፈታው ስህተቱን ከመፈለጊያው ቀን ማራቅ ነው። መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ የሚሠራ ቶፖሎጂ ሠርተው የሁሉንም መሣሪያ ኮንፊገሬሽን በጽሑፍ ፋይል ያስቀምጡ። ከዚያ እያንዳንዱን ስህተት ለብቻው በትንሽ ፋይል ይጻፉ፤ አንዱ ፋይል የኦኤስፒኤፍ ሄሎ ታይመር (የሰላምታ መልእክቱን የጊዜ ልዩነት) ይቀይራል፣ ሌላው ከትራንኩ (ብዙ ቪላን ከሚያሳልፈው ሊንክ) ላይ አንድ ቪላን (በስዊች ላይ የተከለለ ንዑስ ኔትወርክ) ያወጣል፣ ሌላው የቢጂፒውን አፕዴት-ሶርስ (የመነሻ አድራሻ ትእዛዝ) ያነሳል። ፋይሎቹ ሲበዙ በፓይተን የተጻፈ ትንሽ ስክሪፕት በኔትሚኮ (ወደ መሣሪያዎች ትእዛዝ በሚልክ የፓይተን ላይብረሪ) በኩል ሁለት ወይም ሦስቱን በዕጣ መርጦ ምን እንደመረጠ ሳያሳይ መሣሪያዎቹ ላይ እንዲጭን ማድረግ ይቻላል። የመረጠውን በሌላ ፋይል ስለሚመዘግብ በመጨረሻ ያመሳክራሉ። አውቶሜሽን ራሱ ከፈተናው 15 በመቶውን ስለሚይዝ ስክሪፕቱን መጻፍ በራሱ ጥናት ነው። ኔትወርኩን ወደ ጤነኛው ሁኔታ ለመመለስ ኮንፊገር ሪፕሌስ የሚለውን ትእዛዝ ይጠቀሙ፤ ሾው አርካይቭ ኮንፊግ ዲፈረንስ ደግሞ ምን እንደተለወጠ መስመር በመስመር ያሳያል። ይህን ሁለተኛውን ግን ለማመሳከር ብቻ እንጂ ለመፈለጊያ አይጠቀሙበት፤ ፈተናው ላይ ጤነኛው ኮፒ አይሰጥዎትም።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን ሰው ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ውስጥ ሆነው ኔትወርክ የሚያጠና አንድ ባልንጀራ አያጡም። እኔ ደብረ ሲና ካለ ጓደኛዬ ጋር የምንለማመደው የላብ ፋይል በቴሌግራም እየተላላክን ነው፤ እርሱ ያበላሸውን እኔ እፈታለሁ፣ እኔ ያበላሸሁትን እርሱ ይፈታል። ሌላ ሰው የሚያበላሽበት አስተሳሰብ ከእኛ ስለሚለይ በስክሪፕት የማይገኝ ጥቅም አለው። ቲኬቱንም እንደ ፈተናው እንዲጽፍልዎ ይጠይቁት፤ «ኦኤስፒኤፍ ተበላሽቷል» ሳይሆን «የፋይናንስ ክፍሉ ከጠዋት ጀምሮ ኢሜይል አይደርሰውም» ብሎ፣ ከክልከላ ጋር።

ስለ ኮምፒዩተሩ ብዙ አይጨነቁ። አንድ አይኦኤስቪ (በሶፍትዌር የሚሠራ የሲስኮ) ራውተር ግማሽ ጊጋባይት አካባቢ ራም ይበቃዋል፤ ካታሊስት 8000ቪ የተባለው ሌላው የሲስኮ ምናባዊ ራውተር ግን ለአንዱ ብቻ 4 ጊጋባይት ይወስዳል። ስለዚህ በ16 ጊጋባይት ውስጥ አብዛኛውን በአይኦኤስቪ ሠርተው 8000ቪን የግድ በሚያስፈልግበት ቦታ ብቻ ያስገቡ። የኢቪኢ-ኤንጂ (ምናባዊ ኔትወርክ መገንቢያ ሶፍትዌር) ኮሚዩኒቲ እትም በአንድ ላብ እስከ 63 ኖድ (መሣሪያ) ይፈቅዳል፤ እዚያ ከመድረሱ በፊት ራሙ ያልቃል። ከሲስኮ ከራሱ ኢሜጅ ጋር የሚመጣ መሣሪያ ከፈለጉ ሲስኮ ሞዴሊንግ ላብስ አለ፤ ነጻው እትም 5 ኖድ ብቻ ነው፣ ለግል የሚሸጠው ደግሞ 20 ኖድ ይፈቅዳል። ፓኬት ትሬሰር ለዚህ ደረጃ አይሆንም፤ ኤምፒኤልኤስ እንኳ የለውም። የኤስዲ-ዋን (ቅርንጫፎችን በሶፍትዌር ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድር ኔትወርክ) መቆጣጠሪያዎችን በእርስዎ ኮምፒዩተር ላይ ለመጫን አይድከሙ፤ የሲስኮ ዴቭኔት ሳንድቦክስ (በኢንተርኔት የሚገኝ መለማመጃ ላብ) በነጻ ቀጠሮ ስለሚሰጥ ኢንተርኔቱ ደህና በሆነበት ሰዓት እዚያ ይለማመዱ።

መብራቱን በተመለከተ፣ ዩፒኤስ ቢኖር ጥሩ ነው፤ ከሌለ ግን እያንዳንዱ ቲኬት እንደተፈታ በሁሉም መሣሪያ ላይ ራይት ሜሞሪ ማድረግን (ኮንፊገሬሽኑን ማስቀመጥን) ልማድ ያድርጉት፤ በኢቪኢ-ኤንጂ ደግሞ ኮንፊገሬሽኖቹን በአንድ ጊዜ ኤክስፖርት የሚያደርገውን ትእዛዝ ተጠቅመው ወደ ፍላሽ ይቅዱ። ይህ ልማድ ፈተናው ላይም ይጠቅማል፤ ያልተቀመጠ ኮንፊገሬሽን መሣሪያው ሪስታርት ቢደረግ አብሮ ይጠፋል።


መሐል_ሜዳ

የሁለቱንም መልስ በጥሞና አነበብኩ። አንኮበሬ ያሉትን ቅደም ተከተል እቀበላለሁ፤ ነገር ግን አንድ ነገር የጎደለው ይመስለኛል፤ እርሱም ምልክትን ማወቅ ነው። ልምድ ያለው መሐንዲስ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ሆፕ አይነሳም። አንድ ውጤት አይቶ «ይህ ምልክት የሚመጣው ከዚህ ወይም ከዚያ ነው» ይላል፤ የሚያረጋግጠውም እነዚያን ሁለቱን ብቻ ነው። 5 ሰዓት ብዙ ይመስላል እንጂ ግንባታው አብሮ ሲኖር አጭር ነው። ስለዚህ ምልክቶቹን በጥናት ጊዜ አንድ በአንድ እየፈጠሩ ማየትና በደብተር መጻፍ ያስፈልጋል።

ኦኤስፒኤፍን ውሰዱ። ጎረቤቱ ጭራሽ ካልታየ ኤሪያው፣ ሄሎና ዴድ ታይመሩ፣ ማስኩ፣ ኦተንቲኬሽኑ፣ ወይም ፓሲቭ የተደረገ ኢንተርፌስ ይጠረጠራል። ኢኒት (የጉርብትናው መጀመሪያ ደረጃ) ላይ ከቆመ እኛ እንሰማዋለን፣ እርሱ ግን እኛን አይሰማም ማለት ነውና በአንድ አቅጣጫ የሚዘጋ ነገር አለ። ኤክስስታርት ወይም ኤክስቼንጅ (መረጃ የሚለዋወጡበት ደረጃ) ላይ ከቆመ በመጀመሪያ የሚታየው ኤምቲዩ (የፓኬቱ ከፍተኛ መጠን) ነው። ሰውን ብዙ የሚያስቸግረው ግን ጎረቤቱ ፉል (ጉርብትናው የተሟላ) ሆኖ ራውት የማይመጣበት ነው። አንዱ ጎን ብሮድካስት፣ ሌላው ፖይንት-ቱ-ፖይንት ከሆነ የሁለቱም ሄሎ 10፣ ዴድ 40 ሰከንድ ስለሆነ ታይመሩ ይስማማል፣ ጉርብትናውም ፉል ይደርሳል፤ ዳታቤዙ ውስጥ የሁለቱ ገለጻ ስለማይገጥም ግን ስሌቱ መንገዱን አይቀበለውም። ሾው አይፒ ኦኤስፒኤፍ ኔይበር ብቻ አይቶ «ኦኤስፒኤፍ ደህና ነው» ብሎ የሚያልፍ ሰው ይህን አያገኘውም።

በቢጂፒም እንዲሁ ነው። አክቲቭ ሲል የቲሲፒ ግንኙነቱ አልተመሠረተም ማለት ነው፤ ከትክክለኛው ሶርስ ሆነው በፖርት 179 ቴልኔት ቢሞክሩ መንገዱ ክፍት መሆኑ ይታወቃል። ከኦፕንሴንት ወደ አይድል እየተመለሰ ከሆነ የኤኤስ ቁጥሩን ይዩ። በሉፕባክ የተሠራ የውጭ ቢጂፒ ከሆነ ቲቲኤሉ (ፓኬቱ ሊያልፍ የሚችለው የሆፕ ብዛት) 1 መሆኑን ያስታውሱ። ኢስታብሊሽድ ሆኖ ራውቱ ያልተመረጠ ከሆነ ደግሞ ኔክስት-ሆፑ የማይደረስበት ሊሆን ይችላል።

ስዊቹ ላይ ያለውን ብዙ ተፈታኝ ይንቀዋል፤ እኔ ግን በጣም የሚያሳስበኝ እርሱ ነው፤ ምክንያቱም ከታች ያለ ስህተት ከላይ እንደ ራውቲንግ ችግር መስሎ ይታያል። አንድ ምሳሌ ልጥቀስ፤ በዚህ ላይ ሰዓቱን የጨረሰ ሰው አውቃለሁ። ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ (አይፒ አድራሻ የሚሰጠውን የዲኤችሲፒ ልውውጥ የሚቆጣጠር ጥበቃ) በአክሰስ ስዊቹ ላይ ተከፍቷል፣ ወደ ላይ የሚወጣው ፖርትም ትረስት (እመነው) ተደርጓል፤ ኮምፒዩተሩ ግን አድራሻ ሳያገኝ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ይሰጣል። በእጅ አድራሻ ሲሰጠው ሁሉም ነገር ይሠራል፤ ስለዚህ ቪላኑም ትራንኩም ጌትዌዩም ደህና ናቸው። ራውተሩ ላይ ሄልፐር-አድሬሱ (ጥያቄውን ወደ ሰርቨሩ የሚያስተላልፈው ትእዛዝ) አለ፣ ሰርቨሩም ፑል አለው። ታዲያ ምን ቀረ? ስኑፒንግ የተከፈተበት ስዊች በጥያቄው ላይ ኦፕሽን 82 (ጥያቄው ከየት እንደመጣ የሚገልጽ ተጨማሪ መረጃ) ይጨምራል፤ የጌትዌይ አድራሻው መስክ ግን ዜሮ እንደሆነ ይቀራል። የሲስኮ ራውተር እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ ስለማያምነው ይጥለዋል። ወይ ስዊቹ ኦፕሽኑን እንዳይጨምር ማድረግ፣ ወይ ራውተሩ እንዲያምን አይፒ ዲኤችሲፒ ሪሌይ ኢንፎርሜሽን ትረስት-ኦል ማለት ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚፈቀድ የሚነግርዎት የቲኬቱ ክልከላ ነው። ይህን ምልክት አንዴ በላብ ያየ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ከደቂቃዎች በላይ አይቆይበትም፤ ያላየው ሰው በቅደም ተከተል ብቻ እየሄደ ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል።

በኤስዲ-ዋን በኩልም አጭር ነገር ልበል፤ ሶፍትዌር-ዲፋይንድ የሚባለው ክፍል የፈተናውን 25 በመቶ ይይዛልና። የኮንትሮል ግንኙነት አልነሳ ካለ መጀመሪያ የሚታዩት የሰርተፊኬቱ ጤንነት፣ የመሣሪያው ሰዓት፣ የኦርጋናይዜሽን ስሙ በሁሉም ላይ አንድ መሆኑ እና የዲቲኤልኤስ (ግንኙነቱን የሚያመሰጥረው ፕሮቶኮል) መነሻ ፖርት የሆነው ዩዲፒ 12346 አለመዘጋቱ ናቸው። ሰዓት የተዛባበት መሣሪያ ሰርተፊኬቱን አልቀበልም ይላል፤ ይህን ደግሞ የኤንቲፒ (ሰዓት የሚያስተካክለው ፕሮቶኮል) ችግር ነው ብሎ የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

ስለ ሰዓት አጠቃቀም የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ 15 ደቂቃ ሠርተው የስህተቱን ቦታ ወደ አንድ ሊንክ ወይም ወደ አንድ መሣሪያ ማጥበብ ካልቻሉ፣ የደረሱበትን በወረቀት ጽፈው ወደሚቀጥለው ይለፉ። ሌላው ጥያቄ በዚያ ላይ የተመሠረተ ከሆነ ግን ማለፍ አይቻልም፤ ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት ጥያቄዎቹን በሙሉ አንብበው የትኛው በየትኛው ላይ እንደሚቆም ይለዩ።


ጠባሴ_ኔትወርክ (ደብረ ብርሃን)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሉፕባኩን ምሳሌ ትናንት ማታ በላብ ሠርቼው ፒ ራውተሩ ላይ «ኖ ሌብል» የሚለውን በዓይኔ አየሁት፤ ማስኩን ወደ /32 ስቀይረው ወዲያው ፖፕ ሌብል ሆነ።

ሁለት ነገር ልጨምር። ጋሽ አንኮበሬ፣ በአንድ ቲኬት ውስጥ ከአንድ በላይ ስህተት ሲኖር እንዴት ይደረጋል? አንዱን አስተካክሎ ፒንጉ አሁንም ካልሠራ፣ እርስዎ እንዳሉት የቀየርኩትን ልመልስ ወይስ ትክክለኛ ነገር ስለሆነ ልተወው? ሁለተኛው ደግሞ ትክክለኛው የፈተና ጥያቄ ነው እየተባለ በቴሌግራም ስለሚሸጠው ፋይል ነው። የሥራ ባልደረቦቼ እርሱን ብቻ ብታጠና ይበቃሃል ይሉኛል።


አንኮበሬ

መጀመሪያ መሐል_ሜዳ ስለ ምልክት ያሉትን ልቀበል። በቅደም ተከተልና በምልክት መካከል ጠብ የለም፤ ምልክቱን ካወቁት በቀጥታ ይሂዱ፣ ካላወቁት መንገዱን ይከተሉ። የምሰጋው ግን ምልክቱ የሚታወቅ መስሎት ሳያረጋግጥ ኮንፊገሬሽን ለሚቀይር ሰው ነው። የዲኤችሲፒው ምሳሌ ራሱ ይህን ያሳያል፤ 169.254 ያየ ሁሉ ኦፕሽን 82 ነው ብሎ ቢነሳ፣ ሄልፐር-አድሬስ የጠፋበትንም ሆነ ፖርቱ ትረስት ያልተደረገበትን ያልፈዋል። ዲባግ አይፒ ዲኤችሲፒ ሰርቨር ፓኬት ከፍቶ ጥያቄው ራውተሩ ጋ ደርሶ መጣሉን ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ «ለውጥ ካልመጣ ይመልሱ» ስል «ፒንጉ ካልሠራ ይመልሱ» ማለቴ አይደለም። ለውጡን የሚለኩት በጠረጠሩት ነገር ላይ ነው። የኦኤስፒኤፍ ጎረቤት ኤክስስታርት ላይ ቆሞ ኤምቲዩውን አስተካክለው ጎረቤቱ ፉል ከሆነ፣ ያ ስህተት እውነተኛ ነበር፣ ተፈቷልም፤ ፒንጉ ባይሠራም አይመለስም። እንደገና ከመነሻው ትሬስራውት ያድርጉ፤ ፓኬቱ ቀድሞ ከቆመበት ራውተር አንድ ሆፕ እንኳ አልፎ ከሄደ እየቀረቡ ነው፤ አዲሱ መቆሚያ ደግሞ የሁለተኛው ስህተት ቦታ ነው። ኤምቲዩውን ቀይረው ጎረቤቱ እዚያው ኤክስስታርት ላይ ከቀረ ግን ጥርጣሬዎ ስህተት ነበርና ይመልሱት። ለዚህ ነው ከመቀየርዎ በፊት ምን ለውጥ እንደሚጠብቁ ይጻፉ ያልኩት፤ ያ የተጻፈው መስመር ከሌለ የትኛውን መመለስ፣ የትኛውን መተው እንዳለብዎ አይታወቅም።

ስለሚሸጠው ፋይል ግልጽ አቋም አለኝ። እያንዳንዱ ተፈታኝ የፈተናውን ይዘት ላለማውጣት ስምምነት ፈርሞ ነው የሚገባው፤ ሲስኮም ይህን ጥሶ ባገኘው ሰው ላይ ሰርተፊኬቱን እስከ መሰረዝ ይሄዳል። ከዚህም ባሻገር ለትራብልሹቲንግ አይጠቅምም። የስህተቱ ቦታ ወይም አንዱ ክልከላ ቢቀየር ያ የተሸመደደው መልስ ወደ ስህተት ይመራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እርስዎ የሚሠሩት ፋብሪካ ውስጥ ነው። በሌሊት የማምረቻ መስመሩ ኔትወርክ ሲቆም የሚጠራው እርስዎ ነዎት፤ ያን ቀን የሚሸጥ መልስ የለም።

ለመጨረሻው ሰዓት የሚሆን አንድ ምክር ልጨምር። ከ5ቱ ሰዓት ውስጥ የመጨረሻውን ግማሽ ሰዓት ለአዲስ ሥራ አይመድቡት። በዚያ ጊዜ ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀምሮ ሁሉንም የማረጋገጫ ትእዛዞች በድጋሚ ያስኪዱ፤ በአራተኛው ጥያቄ ላይ የጨመሩት የሪዲስትሪቢውሽን (ራውትን ከአንድ ፕሮቶኮል ወደ ሌላ የማስገባት) ፊልተር የሁለተኛውን ጥያቄ ራውት አውጥቶት ሊሆን ይችላልና። ለዚህ እንዲመች እያንዳንዱን ጥያቄ ሲጨርሱ ያረጋገጡበትን ፒንግና ሾው ትእዛዝ በኖትፓድ እያስቀመጡ ይሂዱ፤ መጨረሻ ላይ ኮፒና ፔስት ብቻ ይሆናል።


ሸዋሮቢት_ላብ

ወንድሜ፣ ከፈለጉ የስህተት ፋይሎቼንና ስክሪፕቱን በውስጥ መልእክት ልልክልዎ እችላለሁ። ከእርስዎ የምፈልገው የቶፖሎጂዎን ዲያግራም፣ የኢንተርፌሶቹን ስምና የማኔጅመንት አድራሻዎቹን ብቻ ነው፤ ፋይሎቹ በእኔ ቶፖሎጂ ስም ስለተጻፉ እነርሱ ካልተቀየሩ አይጫኑም። መሐል_ሜዳም የዲኤችሲፒውንና የኦኤስፒኤፍ ኔትወርክ ታይፑን ስህተት በፋይል ቢጽፉልን ለሦስታችንም ይሆናል።


መሐል_ሜዳ

እጽፈዋለሁ እህቴ። ለእያንዳንዳቸው አንድ ቲኬትና አንድ ክልከላ ጨምሬ፣ መልሱን በተለየ ፋይል አድርጌ እልካለሁ።